በክንፏ የምትታወቅ ዝንብ፦ ከሐዋሳ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሚያዝያ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የጎረቤታችን የእማማ ማንጎ ዘንድሮ ጥሩ አድርጎ ይዟል። ከውጭ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ሲቆርጡት ግን ሥጋው ቡናማ ሆኖ ውኃ አዝሏል፣ ነጫጭ ትልም ይርመሰመስበታል። ዛሬ ከዛፉ ሥር የወደቁትን ልለቅም ገባሁ።

«እማማ፣ እነዚህን ልውሰዳቸው?»

«ውሰጂ ልጄ፣ ምን ያደርጉልሻል? መድኃኒት ባስረጭም ያው ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር እየባሰበት ነው።»

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስሙን አያውቁትም፤ ለየትኛው ዝንብ እንደሚሆን የነገራቸውም የለም። ይህን ሥራ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «የማንጎ ትል» ይለዋል እንጂ ትሉ የዝንብ ልጅ ነው፤ ዝንቧም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። የምሥራቅ የፍራፍሬ ዝንብ የምትባለው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ፣ ወንዱ ሜቲል ዩጂኖል በሚባል ሽታ ተስቦ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ይህ ሽታ እንደ በሶብላ ባሉ ዕፅዋትም ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ፣ ማለትም ሴራታይቲስ ካፒታታ፣ ለዚያ ሽታ አትመጣም፤ የእሷን ወንድ የሚስበው ትራይሜድሉር ነው። የሐብሐብ ዝንብ ወንድ ደግሞ ኪውሉር ለሚባለው ይመጣል። የዝንቧ ስም ካልታወቀ ዛፉ ላይ የተሰቀለው ወጥመድ ባዶውን ሊከርም ይችላል።

ትሉን አይቶ ዓይነቱን መለየት በእኔ መሣሪያ የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ትሉን አሳድጌ፣ የምትወጣዋን ዝንብ ክንፍ ፎቶ አንስቼ፣ ስሟን ከዚያ ልፈልግ ነው።

ማሳደጊያው ቀላል ነው። ባዶ የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ፣ ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል አሸዋ ተደርጎበት፣ ከአሸዋው በላይ በሽቦ ወንፊት ላይ ማንጎው ይቀመጣል። አሸዋው ቀድሞ ምጣድ ላይ መሞቅ አለበት፤ አለዚያ ከሐይቅ ዳር የመጣ ሌላ ነፍሳት አብሮ ይፈለፈላል። አፉ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ በላስቲክ ይታሰራል። ትሉ ጠግቦ ሲጨርስ ከፍሬው ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ይገባና የስንዴ ፍሬ የምታህል ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ለእማማ ማንጎ አንድ ባልዲ፣ ከጭማቂ ቤት ለለመንኩት ዘይቱን ሌላ ባልዲ። ሁለቱን አልቀላቅልም፤ ዝንቧ የወጣችበት ፍሬ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሚያዝያ፣ አጋማሽ

ባልዲዎቹ ጊዜ ስለሚፈልጉ የፎቶውን ቦታ አዘጋጀሁ።

ዝንብ ባረፈችበት የተነሳ ፎቶ ውብ ይሆናል፤ ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የቤት ዝንብ ክንፏን ሆዷ ላይ አጥፋ ትቀመጣለች፤ ደም ሥሮቹ፣ ማለትም ክንፉ ላይ የሚታዩት መስመሮች፣ አንዱ በሌላው ላይ ይታያሉ። ብርሃኑ በሰያፍ ከመጣም ክንፉ እንደ መስታወት ያበራና ግማሹ መስመር ይጠፋል። ክንፉ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ብርሃኑ ከሥር አልፎት መነሳት አለበት።

ዝንቧን በትንሽ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አቆያታለሁ። ከዚያ ክንፉን በወረንጦ ከነመነሻው መንቀል ነው። ከመሃል በምላጭ የተቆረጠ ክንፍ ከደረት አጠገብ ያሉትን በደም ሥሮች የታጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ያጣል፤ የፍራፍሬ ዝንብን ከሌላው የሚለየው አንዱ ምልክት ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ክንፉን ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም በወጡ ሁለት መስታወቶች መሃል አስገባዋለሁ። ከሥር የሌላ ስልክ ስክሪን ነጭ ሆኖ ይበራል። መስታወቱ ስክሪኑ ላይ በቀጥታ ካረፈ የስክሪኑ ነጠብጣቦች ፎቶው ውስጥ እንደ ወንፊት ስለሚገቡ፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጌ መሃላቸው ስስ ነጭ ወረቀት እዘረጋለሁ። ከላይ ስልኬ፣ ስልኬ ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ሌንስ። ከክንፉ ጎን የማስመሪያው ሚሊሜትር አብሮ ይነሳል።

ሁልጊዜ የቀኙን ክንፍ አነሳለሁ፤ የግራው ብቻ ከተረፈ ፎቶውን በኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ፣ መገልበጡንም እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ክንፍ ጋር የባለቤቷ ፊት፣ ጀርባና ጎን ይነሳል። ሁሉም አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ክንፍ ብቻውን ቀርቶ አካሉ ከጠፋ ነገሩ አለቀ።

ሚያዝያ፣ መጨረሻ

መማሪያ ክንፍ ፍለጋ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጠዋት ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ፤ የቆሮሶውና የአምባዛው ሆድ ዕቃ በተጣለበት ሁሉ ዝንብ ነው። ለመማር የተመቸ ቦታ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዝንብ በአንድ ጊዜ ይገኝበታል።

የነፍሳት ክንፍ ደም ሥሮች ዛሬ የሚጠሩበትን ስም ያደራጁት ኮምስቶክና ኒድሃም የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ ሥራቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1898 እና 1899 ነው። ከፊት ጠርዝ ተነስቶ ኮስታ፣ ሰብኮስታ፣ ራዲየስ፣ ሚዲያ፣ ኪዩቢተስ፣ አናል ይላል። ለዝንብ ግን እኔ አሮጌውን አቆጣጠር መርጫለሁ፤ በቁመት የሚሄዱትን ሥሮች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ መቁጠር። ለጀማሪ ዓይን ይቀላል።

የቤት ዝንብን፣ ሙስካ ዶሜስቲካን፣ በቅርብ ያየሁት ዛሬ ነው ማለት እችላለሁ። ሦስተኛው ሥር ወደ ክንፉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አራተኛው ከበታቹ ጎን ለጎን ሲሄድ ቆይቶ፣ ጠርዙ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በድንገት ወደ ላይ ይሰበራል። ክርን ሠርቶ ሦስተኛውን ሊነካው ይደርሳል፤ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍል ጫፉ ላይ ይጠብና ጠባብ በር ብቻ ይቀረዋል። ይህ ክርን በአቧራማ፣ በተቀደደ ክንፍ ላይ እንኳን ይታያል።

ከዚያ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ሄድኩ። አንዱን ባለጋሪ «ወንድሜ፣ ፈረስህ እግር ላይ ያሉትን ዝንቦች ልያዝ?» አልኩት።

«ያዢ እህቴ፣ ብትጨርሻቸው ደስታዬ ነው። እነዚህ የቤት ዝንብ አይደሉም፤ ይናከሳሉ። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ መሬት ሲደበድብ ነው የሚውለው።»

ልክ ነው። ስቶሞክሲስ ካልሲትራንስ ናት፤ ደም የምትመጥ። በመልኳ የቤት ዝንብ ትመስላለች፤ ክንፏ ላይ ግን አራተኛው ሥር አይሰበርም፣ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፣ በሩም ሰፋ ብሎ ይቀራል። ከጎን ሲያዩአት መውጊያዋ ከራሷ በታች ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ባለጋሪው በፈረሱ እግር ያወቀውን ክንፉ አረጋገጠልኝ። ቤት ውስጥ አምፖል ሥር የምትዞረዋ ትንሿ ፋኒያም ተጨምራለች፤ የእሷ አራተኛ ሥር ሳይታጠፍ ጠርዝ ይደርሳል። ሦስቱን ክንፎች በአንድ ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌአቸዋለሁ፤ ከሥር «ክርን፣ ቅስት፣ ቀጥታ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ክንፍ የማይደርስበትም እዚሁ ተገለጠልኝ። ሙስካ ሶርበንስ የምትባል የቤት ዝንብ ዘመድ አለች። የልጆች ዓይን ላይ የምታርፈው፣ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር የምትራባው፣ ከትራኮማ መተላለፍ ጋር ስሟ የሚነሳው እሷ ናት። ክርኗ ከቤት ዝንብ ክርን ጋር ተመሳሳይ ነው። የሚለያት ጀርባዋ ነው፦ የቤት ዝንብ ደረቷ ላይ አራት ጥቁር መስመር ሲኖራት እሷ ሁለት ሰፋፊ አላት። ስለዚህ የጀርባ ፎቶ የሌለውን ክንፍ «ሙስካ» ብዬ እተወዋለሁ። በአገራችን ስንት ሰው በትራኮማ ዓይኑን እንደሚያጣ ለሚያውቅ ሰው፣ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ገምቶ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ግንቦት፣ መጀመሪያ

የማንጎው ባልዲ ተፈለፈለ። ሻሹ ሥር ዝንቦቹ ሲሄዱ ሳይ ወዲያው ማንሳት አማረኝ፤ ግን መጠበቅ አለበት። ገና የወጣች ዝንብ ሐመር ናት፤ ክንፏ ላይ የሚመጣው ቡናማ ቀለም ገና አልጠነከረም። በስኳር ውኃ የራሰ ጥጥ አስገብቼላቸው ጥቂት ቀን ይቆያሉ።

ግንቦት፣ ሁለተኛው ሳምንት

ዛሬ ተነሱ።

መጀመሪያ የቤተሰብ ጥያቄ፦ በእርግጥ የፍራፍሬ ዝንብ ናት? ሰብኮስታን ተከተልኩት። ከፊት ጠርዝ ጎን ይሄድና በድንገት ወደ ጠርዙ ዘጠና ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ እየደበዘዘ ይጠፋል። ሌሎች ባለ ሥዕል ክንፍ ዝንቦች ይህን ስብራት አያሳዩም። ሁለተኛው፣ ከመነሻው አጠገብ ያለችው ትንሽ ክፍል የኋላ ማዕዘኗ ሾሎ ተስቧል። የዚህች ዝንብ ሹል በጣም ረጅም ነው፣ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ይገሠግሣል። ሴራታይቲስ ላይ ሹሉ አጠር ይላል። ይህን ምልክት የምወድበት ምክንያት ቀለም ስለማይፈልግ ነው፤ ሐመር ዝንብም፣ አልኮል ውስጥ የደበዘዘችም ታሳያለች።

ከዚያ ቀለሙ። ክንፏ ጥርት ያለ ነው፤ የፊት ጠርዙን ይዞ እስከ ጫፉ የሚሄድ ቀጭን ቡናማ ጥለት፣ ከመነሻው ደግሞ በዚያ ሹል ላይ የምትተኛ ሌላ ቡናማ ጭረት። ሌላ ምንም የለበትም። ፒች የምታጠቃውና ግብፅና ሱዳን የገባችው ባክትሮሴራ ዞናታ ይህ ጥለት ተቆራርጦ ጫፏ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ስለሚቀራት ከዚህች ትለያለች። አካሏን ሳየው ደረቷ በግራና በቀኝ ቢጫ መስመር፣ የደረቷ መጨረሻ ላይ ያለችው ጋሻ ቢጫ፣ ሆዷ ላይ ጥቁር «ቲ»። የሆዷ ቀለበቶች አልተጣበቁም፤ ቢጣበቁ ኖሮ ዳከስ የሚባለው ወገን ነበረች። ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ።

የእስያ ዝንብ ናት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀችው ኬንያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2005 አዲስ ዝርያ መስላ ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ ተባለች፤ በ2015 ግን የአካል፣ የዘር፣ የመዳቀልና የሽታ ማስረጃው ሁሉ ተሰብስቦ ያቺው ዶርሳሊስ መሆኗ ታወቀ። ክንፏም የዚህ ክርክር አካል ነበር፦ ደም ሥሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ነጥብ እየተደረገ የክንፉ ቅርጽ ተለክቷል። እኔም ኢሜጅጄ በሚባለው ነፃ የምስል መለኪያ ፕሮግራም ነጥቦቹን እያስቀመጥኩ ነው። የሚነጻጸረው መጠኑ ሳይሆን ቅርጹ ነው፤ ትሏ በተጨናነቀ ፍሬ ውስጥ ካደገች ዝንቧ ትንሽ ስለምትሆን ሚሊሜትር ብቻውን ያሳስታል።

«እማማ፣ እንግዳ ናት» አልኳቸው። «ከእስያ የመጣች።»

ፎቶውን በስልክ አስፍተው አዩት። «ይቺ ናት እንዴ? ንብ ትመስለኝ ነበር። እኔ እኮ አላባርራትም።»

ግንቦት፣ መጨረሻ

ዘይቱኑ ሁለት ዓይነት አወጣ። አንዷ ያችው ጥርት ያለ ክንፍ ያላት ናት። ሌላዋ ግን በመጀመሪያ ዕይታ የተለየች ናት፤ ትንሽ፣ አጭር ወፍራም፣ ክንፏን ዘርግታ የምትሄድ። ክንፏን ከሥር ብርሃን ሳበራበት ሥራዬን ትቼ ዝም ብዬ አየሁት። መሃሉን አቋርጦ የሚወርድ ቢጫማ ቡናማ ጥለት፤ ከፊት ጠርዝ ወደ ጫፍ የሚሄድ ሁለተኛ፤ ወደ ጫፉ ቀረብ ብሎ ብቻውን በሰያፍ የቆመ ሦስተኛ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል፣ አንደኛው ሥር ጠርዙን በሚነካበት ቦታ፣ ብርሃን የሚያልፍበት ንጹሕ ክፍተት አለ። መነሻው አካባቢ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንሽ ክፍል ውስጥ ጥቁር ነጥብና ጭረት ተበትኗል።

ሴራታይቲስ ካፒታታ መሆኗን ያረጋገጠልኝ ወንዱ ነው። ከዓይኖቹ መሃል ወደ ፊት የሚወጡ ሁለት ፀጉሮች አሉት፤ ጫፋቸው ላይ ጥቁር የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቅጠል ተሸክመዋል። በማክሮ ሌንስ በግልጽ ይታያል። የጋሻዋ ጥቁር ያብረቀርቃል፤ መነሻው ላይ ሞገደኛ ቢጫ መስመር አለበት። ለሴቷ የሚረዱኝ ክንፉና ጋሻው ናቸው። ይህን ጥንቃቄ የምወስደው ጥለት ያለው ክንፍ ሁሉ ካፒታታ ስላልሆነ ነው፤ ማንጎ ላይ የምትታወቅ ሴራታይቲስ ኮሲራ የምትባል አፍሪካዊት ዘመድ አለቻት።

ማታ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አደረግኩ። ጥርት ያለውን የባክትሮሴራ ክንፍ፣ አልኮል ሳይነካው ደረቁን፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ብርሃኑን ከላይ አደረግኩ። ባዶ የሚመስለው ክንፍ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሆነ። ቀለሙ የሚመጣው ብርሃን በስሱ ክንፍ ከላይኛውና ከታችኛው ገጽ ሲመለስ ስለሚገናኝ ነው፤ የክንፉ ውፍረት ከቦታ ቦታ ሲለያይ ቀለሙም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህ ሥዕል በአንድ ዝርያ ውስጥ ብዙም እንደማይለዋወጥና ለመለያ እንደሚረዳ አሳይቷል። ነጭ ነገር ላይ ሲቀመጥ ወይም ፈሳሽ ሲነካው ይጠፋል። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ጊዜ ይነሳል፦ በደረቁ ጥቁር ላይ፣ ከዚያ በብርሃን።

ሰኔ፣ መጀመሪያ

ከባልዲዎቹ የሚወጣው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። የቆየው ማንጎ ላይ ቀያይ ዓይን ያላቸው ሚጢጢ ዝንቦች ሞልተዋል፤ ድሮሶፊላ ናቸው፣ አብረዋቸውም ጀርባቸው ላይ በቁመት ነጭ መስመር ያለባቸው ዘመዶቻቸው፣ ዛፕሪዮነስ። ድሮሶፊላ በክንፏ ትታወቃለች፦ የፊት ጠርዙ ሁለት ቦታ ላይ ተቆርጦ ይታያል። እነዚህ በብዛት የሚመጡት ሌላ ከበሳውና መበስበስ ከጀመረው ፍሬ ነው። ጭማቂ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚዞሩትም እነሱ ናቸው። ባልዲውን ከፍቶ መጀመሪያ ያየውን የሚከስ ሰው እውነተኛዋን ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ፍሬው ገና ጠንካራ ሳለ፣ የተወጋበት ነጥብ ሲታይ ቢለቀም ይሻላል።

ሰኔ፣ አጋማሽ

ወጥመዱ ተሰቀለ። አንድ የግብርና ባለሙያ ሜቲል ዩጂኖሉን አምጥቶልን፣ በጎኑ በተበሳ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥጥ ላይ አድርገን የእማማ ማንጎ ላይ አንጠለጠልነው። በማግስቱ ከሥሩ የተከማቹት ሁሉም ጥርት ያለ ክንፍ ያላቸው፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ከዘይቱን ባልዲ ያየሁት ባለ ጥለት ክንፍ አንድም የለበትም፤ ክንፉ ከነገረኝ ጋር ይሄዳል።

ሽታው ወንዱን ብቻ ነው የሚወስደው። የምትወጋው ሴቷ ናት፤ ለእሷ የእርሾ ማጥመጃ ያስፈልጋል፣ ይህ ሁለቱንም ዝርያዎች ይስባል። ትልቁ ሥራ ግን የወደቀውን ማንሳት ነው። እማማ የሚወድቀውን በየዕለቱ እየለቀሙ በጥቁር ፌስታል አስረው ፀሐይ ላይ ያውላሉ፤ ትሉ በሙቀቱ ያልቃል። የተረፈው ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይቀበራል። ከአጥሩ ማዶ ያሉትንም አነጋግረዋቸዋል። «የእኔን ብለቅም የናንተ ካልተለቀመ ምን ዋጋ አለው?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ እኔ ከማስረዳው በላይ ሰሚ አገኙ።

ሐምሌ

ዝናቡ በርትቷል፣ ማንጎው አልቋል። ሦስተኛው ባልዲ የዱባ ነው፤ ጥቁር ውኃ ከሚባለው ቦታ በኩል የመጡ፣ በልጅነታቸው የጠቆሩ ዱባዎች። የወጣችው ዝንብ ተርብ መሳይ፣ ብርቱካናማ ቡናማ ናት። ጠርዙን የያዘው ጥለት ጫፉ ላይ ሰፍቶ ነጠብጣብ ይሆናል፤ በክንፉ ኋለኛ ክፍል ባለው አቋራጭ ሥር ላይ ግን ምንም ጥላ የለም። ዜውጎዳከስ ኪዩከርቢቴ የምትባለዋ የሐብሐብ ዝንብ ብትሆን ኖሮ ያ ሥር ቡናማ ጥላ ይኖረው ነበር፣ ደረቷም ሦስት ቢጫ መስመር። የዚህች ደረት መስመር የለውም፤ የሆዷ ቀለበቶች ተጣብቀዋል። ዳከስ ሲሊያተስ፣ በዓለም ላይ የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ ተብላ የምትጠራው።

ከዚያው ባልዲ የወጣች አንዷ ክንፏ ተጨማድዶ ስላልተዘረጋ «ዳከስ» ብቻ ተብላ ተመዝግባለች። ጥቅምት ላይ ቡናው ሲቀላ ከይርጋለም የቀላ ፍሬ ይላክልኛል፤ ካፒታታ በቡና ፍሬም ትራባለች፣ ትሪሪትረም ኮፊ የምትባል ሌላ ባለ ሥዕል ክንፍም እዚያ ትገኛለች። አሸዋው ታጥቦ እየደረቀ ነው።